በአውሮፕላን ውስጥ የታጠቀ ጠባቂ ዛሬም ያስፈልጋል?

ሀ፦ ሲቪል ለብሶ፣ ሽጉጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ መስሎ የሚቀመጥ ጠባቂ አሁንም ያስፈልጋል ትላላችሁ? ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ የኮክፒት (የአብራሪዎች ክፍል) በር ጥይት እንዲችል ተደርጓል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ጫማው ውስጥ ፈንጂ ደብቆ የተሳፈረውን ሰው የያዙት አስተናጋጆችና ተሳፋሪዎች ናቸው።

ለ፦ በሩ የሚጠብቀው አብራሪውን ነው። ከበሩ ወዲህ ያለነውንስ? ደግሞ በ2015 በጀርመኑ አየር መንገድ በጀርመንዊንግስ በረራ የሆነውን አትርሳ። ካፒቴኑ ወጣ ሲል ረዳቱ ከውስጥ ቆልፎ አውሮፕላኑን ተራራ ላይ ጣለው። 150 ሰው አለቀ።

ሐ፦ ምሳሌህ ራስህኑ ነው የሚመታህ። ካፒቴኑ ያልከፈተውን በር ጠባቂ በምን ይከፍተዋል? እኔ የምፈራው ሽጉጡን ነው። ጥይት የአውሮፕላኑን አካል ከበሳው አለቀልን።

መ፦ እዚህ ላይ ላርምህ። የጥይት ቀዳዳ አውሮፕላን አያፈነዳም። የካቢኑ አየር እኮ ሁሌም በቫልቭ እየወጣ በአዲስ እየተተካ ነው። ጣት የማታክል ቀዳዳ ብትጨመር ሲስተሙ ይችላታል። የሚያስፈራው ጎን ያለው ወንበር ነው። መተላለፊያው ሁለት ሰው በቅጡ አያሳልፍም፤ ተኩስ ሲነሳ ደግሞ ሰው ደንግጦ ብድግ ይላል። ዒላማውን የሳተ ጥይት ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

እኔ ጠባቂው ይኑር ባይ ነኝ። ግን ለጠለፋ ብቻ። ሰካራም ሲረብሽ፣ ሁለት ሰው በወንበር ሲጣላ፣ ከቦታው ንቅንቅ ማለት የለበትም። አንዴ ከተነሳ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀመጠ፣ መሣሪያው የት እንዳለ ሁሉም አወቀ። ጠላፊዎች እሱን ለማስነሳት ብለው ሆን ብለው ጠብ ቢያስነሱስ? ለረብሻው አስተናጋጆቹ አሉ፣ የካፒቴኑ ትእዛዝ አለ።

ሀ፦ ጠለፋ መሆኑን በምን ይለያል? በ2005 ሚያሚ ላይ ጠባቂዎች «ቦምብ አለኝ ብሏል» ያሉትን ተሳፋሪ ከአውሮፕላኑ ሮጦ ሲወጣ ተኩሰው ገደሉት። ቦምብ አልተገኘም። ሚስቱ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ብላለች።

መ፦ ያ ታሪክ እኔንም ያመኛል። ለዚህ ነው ሥልጠናው ከተኩስ ይልቅ ሰው በማየት ላይ ይሁን የምለው። የታመመ፣ የፈራና ሊያጠቃ የመጣ ሰው መልካቸው ይቀራረባል።

ሐ፦ አዛዡስ ማነው? ጠባቂው ነው ወይስ ካፒቴኑ?

መ፦ ካፒቴኑ። በአውሮፕላን ውስጥ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች የወጣው የ1963ቱ የቶኪዮ ስምምነት ሥልጣኑን ለእሱ ነው የሰጠው። ያንን ስምምነት ያሻሻለው የ2014ቱ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል የበረራ ጠባቂን በስም አስገብቶ አንድ ነገር ፈቀደለት፦ አደጋው አፋጣኝ ከሆነ ፈቃድ ሳይጠብቅ እርምጃ መውሰድ ይችላል። ከካፒቴኑ በላይ ግን አላደረገውም።

ሐ፦ ካፒቴኑስ ጠባቂው የት እንደተቀመጠ ያውቃል?

መ፦ አዎ። ስንት የታጠቀ ሰው እንዳለና የወንበራቸው ቦታ ይነገረዋል።