የካርቦን ልኬትና የፈጣሪ ነገር፦ ፊዚክስ ለእምነት ምስክር ሆኖ ሊቆም ይችላልን?

ጥቁር ሰሌዳ (ጠያቂ)

ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ከዋክብት ካርቦንን እንዴት እንደሚሠሩና ይህም በአንድ የኃይል መጠን ላይ እንደሚመሠረት ካስረዳሁ በኋላ፣ ክፍሉ ሲበተን አንዲት ተማሪ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቀረች። «መምህር፣ ይህ ቁጥር ትንሽ ቢዛነፍ ኖሮ እኛ አንኖርም ነበር ካሉ፣ ቁጥሩን የለካው እግዚአብሔር ነው ማለት ነዋ?» አለችኝ። አዎ ብላት የማላውቀውን በሳይንስ ስም መናገር ይሆንብኛል፤ አይደለም ብላትም እንዲሁ። አስቤ እመለስበታለሁ ብዬ ሸኘኋት፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ጽንፈ ዓለሙ ለሕይወት የተመቸ ሆኖ መገኘቱ ለፈጣሪ መኖር ማስረጃ ነው ብሎ በክፍል ውስጥ ማስተማር ይገባልን? እኔ ራሴ አማኝ ነኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ» ሲባል በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ። ሰኞ ጠመኔ ይዤ ስቆም ግን ያንኑ ቃል የስሌት ውጤት አስመስዬ ማቅረብ የሚገባኝ አይመስለኝም። ይህ ጥንቃቄ ይሁን ፍርሃት ለይቼ አላወቅሁትም። ዓመተ ምሕረት የምትጠቅሱ ከሆነ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን፤ ከመጻሕፍቱ ጋር ለማመሳከር ይቀለኛል።

ኅዋ ናፋቂ

መምህር፣ በመጀመሪያ ፊዚክሱን እናጥራ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነገረው ታሪክ ከእውነቱ ትንሽ ወጣ ያለ ነውና።

ካርቦን የሚሠራው በእምብርታቸው ያለውን ሃይድሮጂን በጨረሱ ከዋክብት ውስጥ፣ ሙቀቱ 100 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ሁለት የሂሊየም ኒውክለሶች (የአቶም እምብርቶች) ተጋጭተው ቤሪሊየም 8 ይሆናሉ። ይህ ቤሪሊየም ግን የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ እንደገና ለ10 ሚሊዮን ቢካፈል የሚገኘውን ያህል ጊዜ እንኳ ሳይቆይ ይፈርሳል፤ ሦስተኛው ሂሊየም በዚያች ቅጽበት ደርሶ መጣበቅ አለበት። በተራ ስሌት ከዚህ የሚገኘው ካርቦን እጅግ ጥቂት ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍሬድ ሆይል በ1953 ያለው፣ ካርቦን በዓለም ላይ እንዲህ የበዛው የካርቦን 12 ኒውክለስ በ7.65 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ አንድ የኃይል ደረጃ ቢኖረው ነው የሚል ነበር፤ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩ ተመራማሪዎችም በሙከራ ፈልገው አገኙት። ቤሪሊየሙና ሦስተኛው ሂሊየም ሲገናኙ መነሻቸው፣ ማለትም ያለ ሙቀት ይዘውት የሚመጡት ኃይል፣ በዚሁ መለኪያ 7.37 ነው፤ የጎደለውን የኮከቡ ሙቀት ሲሞላላቸው እዚያ ደረጃ ላይ ይደርሳሉ።

እኔን ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ቀጣዩ እርከን ነው። ካርቦኑ አንድ ሂሊየም ጨምሮ ኦክስጅን ሲሆን መነሻው 7.16 ሲሆን፣ በኦክስጅን ውስጥ ያለው የቅርቡ ደረጃ ደግሞ 7.12 ላይ፣ ከመነሻው በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሙቀት በመነሻው ላይ ይጨምራል እንጂ ከእርሱ አይቀንስምና ያ ደረጃ በቀጥታ አይደረስበትም፤ ስለዚህ ካርቦኑ በሙሉ ወደ ኦክስጅን ሳይለወጥ ይተርፋል። በከሰልም፣ በእንጀራም፣ በተማሪዎ ጣት ላይም ያለው ካርቦን የተረፈው በዚህች ልዩነት ነው።

አሁን መታረም ያለበትን ልንገርዎ። ሆይል በ1953 ያሳሰበው የንጥረ ነገሮች ብዛት እንጂ ሕይወት አልነበረም፤ ካርቦኑን ከእኛ መኖር ጋር ማያያዝ የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ልኬቱ ምን ያህል ጠባብ ነው ለሚለው ደግሞ መልሱ እንደ አጠያየቁ ይለያያል። በ1989 የወጣ ስሌት፣ ያ የካርቦን ደረጃ በ60 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ቢል እንኳ የሚሠራው ካርቦን ብዙም እንደማይለወጥ አሳይቷል። በ2000 የወጣው ሌላ ስሌት ግን ኒውክለስን አጣብቆ የሚይዘው ኃይል በ0.5 በመቶ ቢለወጥ፣ እንደ ለውጡ አቅጣጫ፣ ካርቦኑ ወይም ኦክስጅኑ ከሞላ ጎደል እንደሚጠፋ አሳየ። ሁለቱ አይጋጩም፤ የመጀመሪያው አንዱን ደረጃ ብቻ አንቀሳቀሰ፣ ሁለተኛው ከሥሩ ያለውን ኃይል ነካ። ለተማሪዋ ሁለቱም ቢነገራት እወዳለሁ።

አመክንዮ

ልኬቱ ጠባብ መሆኑን ብቀበል እንኳ፣ ከዚያ ተነሥቶ ፈጣሪ ጋ የሚያደርስ መንገድ አይታየኝም። የዕቁብ ዕጣ ለእኔ የመውጣት ዕድሉን የማሰላው የአባላቱን ቁጥር ስለማውቅ ነው። የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥሮች ከስንት ዕጣ መካከል እንደወጡ፣ ጭራሹንም ዕጣ ወጥቶ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የምናየው አንድ ጽንፈ ዓለም ብቻ ነው። ታዲያ «የማይሆን ነገር ሆነ» የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

ሌላ መልስም አለ። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ዋይንበርግ በ1987 የባዶ ኅዋ ኃይል ከተወሰነ መጠን ቢበልጥ ጋላክሲዎች ሊሰበሰቡ እንደማይችሉ አሳየ። በ1998 የጽንፈ ዓለሙ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑ ሲታወቅ፣ ከዚያ የተሰላው መጠን ከዜሮ የተለየ፣ ነገር ግን ከዋይንበርግ ወሰን ያላለፈ ሆኖ ተገኘ። ዋይንበርግ በእግዚአብሔር አያምንም ነበር። እጅግ ብዙ ዩኒቨርሶች ካሉና ልኬታቸው የተለያየ ከሆነ፣ እኛ ራሳችንን የምናገኘው መኖር በሚቻልበት በአንዱ ውስጥ መሆኑ አያስገርምም። እነዚያን ሌሎች ዩኒቨርሶች ያየ አለመኖሩን አልክድም፤ ነገር ግን ምርጫው «ወይ ፈጣሪ ወይ አጋጣሚ» ብቻ እንዳልሆነ ልጅቷ ልታውቅ ይገባታል።

የአብነት ልጅ

መምህር፣ ያደግሁት በአብነት ትምህርት ቤት ነው። ሥነ ፍጥረት ስንማር የኔታ ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት ከእሑድ እስከ ዓርብ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ የመጀመሪያዎቹ «እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ»፣ ማለትም ካለመኖር ወደ መኖር፣ መምጣታቸውን ያስረዱን ነበር። ያ ትምህርት ልኬቱ ጠባብ ስለሆነ ፈጣሪ አለ አይልም። ካርቦን በቀላሉ የሚገኝ ቢሆንስ ኖሮ፣ እግዚአብሔር ፈጣሪነቱ ይቀርበት ነበርን? እምነታችን በ7.65 ላይ ቢቆም፣ ነገ አንድ ወጣት ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ቀመር ያገኘ ቀን እምነቱ ሊነቃነቅ ነው። ወንድማችን አመክንዮ ለጻፈው የምሰጠው መልስም ይኸው ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሶች ቢኖሩም ሁሉም ካለመኖር የመጡ ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ አስተማሪ ሆኖ ያገኘሁት የቤልጂየሙን ካህን ዦርዥ ለሜትርን ነው። በ1923 ቅስና ተቀበለ፤ በ1927 ጽንፈ ዓለሙ እየሰፋ መሆኑን ከአይንሽታይን ቀመሮች አውጥቶ ጻፈ፤ በ1931 ደግሞ ሁሉም ከአንድ ጥንተ አቶም ተነሣ የሚለውን፣ ኋላ «ታላቁ ፍንዳታ» የተባለውን ሐሳብ አቀረበ። በኅዳር 1951 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ ባደረጉት ንግግር፣ የጽንፈ ዓለሙ መጀመሪያ መታወቁን «ብርሃን ይሁን» ለሚለው ቃል ምስክር አድርገው አቀረቡት። የንድፈ ሐሳቡ ባለቤትና ካህን የሆነው ሰው በዚህ ደስ ሊለው ይገባ ነበር ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ለሜትር ግን አዘነ፤ ንድፈ ሐሳቡ ሊሞገትና ሊወድቅ የሚችል ሳይንሳዊ ሐሳብ እንጂ የሃይማኖት ምሰሶ እንዳልሆነ አጥብቆ ያምን ነበርና። በ1952 ፒዮስ በሮም ለተሰበሰቡት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሲናገሩ ያንን አባባል አልደገሙትም። ለሜትር ግን ቅዳሴውንም ስሌቱንም ሳይተው እስከ 1966 ኖረ። በመጨረሻ ታሞ አልጋ ላይ ሳለ ከታላቁ ፍንዳታ የቀረው ጨረር መገኘቱን ነገሩት።

ስለዚህ ጥንቃቄዎን ፍርሃት ብለው አይጥሩት።

የወሎ ልጅ

የአብነት ልጅ በጻፉት እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን እንዳይጠፋብን እሰጋለሁ። ሙስሊሙ ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ በ12ኛው መቶ ዘመን ወደ ፈጣሪ የሚያደርስ ብሎ የቆጠረው አንዱ መንገድ «የእንክብካቤ ማስረጃ» ነበር፦ ሌሊትና ቀን፣ ፀሐይና ጨረቃ፣ አራቱ ወቅቶች ለሰው ልጅ ኑሮ መስማማታቸው። እርሱ ቁጥር አልነበረውም፤ የተመለከተው መስማማቱን ነው። ልጅቷም ደብተሯን ይዛ የቆመችው ይህንኑ አይታ ይመስለኛል። ሳይንስ ይህን ማረጋገጥም ማስተባበልም አይችልም ብለን ስንነግራት፣ መደነቋ ስሕተት ነበር የሚል መልእክት እንዳይደርሳት እንጠንቀቅ። ቁርአንም በሱረቱል ሙልክ ሰማይን ደግመህ ደጋግመህ ተመልከት፣ ስንጥቅ ታያለህን? ይላል፤ መመልከቱን ራሱን ያዝዛል።

ጥቁር ሰሌዳ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወሎ ልጅ የጻፉት ነገር ነካኝ። «አስቤ እመለስበታለሁ» ስላት ፊቷ ላይ ያየሁት ቅሬታ መልሱ በመዘግየቱ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ጥያቄዋን የገፋሁባት ሳይመስላት አልቀረም። ስለዚህ አስቀድሜ እኔም ያንን ቁጥር ባየሁ ቁጥር እንደምደነቅ፣ እምነቴንም እንደማልደብቅ እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ፊዚክሱ እስከ የት እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚቆም፣ የአመክንዮንም ተቃውሞ ሳልሸሽግ የማስረዳት። የለሜትርን ታሪክ ለክፍሉ በሙሉ ብነግረው ደስ ይለኛል።

ኅዋ ናፋቂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰኞ የካርቦንንና የኦክስጅንን የኃይል ደረጃዎች እንደ ሁለት መሰላሎች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ልሥላቸው አስቤአለሁ፤ በካርቦኑ በኩል መነሻው 7.37 ከደረጃው ከ7.65 በታች፣ በኦክስጅኑ በኩል ግን መነሻው 7.16 ከደረጃው ከ7.12 በላይ። በኦክስጅኑ በኩል ልዩነቱ 0.04 ብቻ ስለሆነ በጠመኔ ስሥለው ሁለቱ መስመሮች እንዳይደራረቡብኝ ሚዛኑን ምን ያህል ባሰፋው ይሻላል?