የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በባርነት ነው ወይስ «በግዛቶች መብት»? ገጽ 3 ላይ ተጣልተናል

ቶነር_አለቀ

ሰላም ለዚህ ቤት። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው የምሠራው። በፈተና ሰሞን የሰው አሳይመንት ስተይብ እውላለሁ። እውነቱን ለመናገር አላነበውም፤ የሚያነበው ጣቴ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ በእጅ የተጻፈ 14 ገጽ አመጣልኝ። ገጽ 3 ላይ «የጦርነቱ ዋና መንስኤ ቀረጥና የግዛቶች መብት ሲሆን፣ ባርነት ኋላ የተለጠፈ ምክንያት ነው» ይላል። («የግዛቶች መብት» ማለት እያንዳንዱ ግዛት ጉዳዩን ራሱ ይወስን ማለት ነው አለኝ።) እንዳለ ልጽፈው ነበር።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው (ጋሼ ነው የምላቸው) ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ገብተው ከትከሻዬ በላይ አነበቡት። «ይሄ ቅጥፈት ነው! ሊንከን ጥቁሮቹን ሊያስፈታ ነው የዘመተው» አሉ። ልጁ አልተሸነፈም፤ ሊንከን ራሱ «ባርነት ባለበት ቦታ አልነካውም» ማለቱን ከስልኩ አውጥቶ አነበበልን። በመሃል መብራት ጠፋ፤ ክርክሩ በጨለማ ቀጠለ።

ልጁ ሐሙስ ሊወስደው ይመጣል። ሊንከን አልነካም ካለ ባሪያ አሳዳሪዎቹ የደቡብ ግዛቶች ከአገሪቱ ለምን ተገነጠሉ? ደግሞ አንድም ባሪያ ያልነበረው ደሃ ነጭ ለምን ሄዶ ሞተ? የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ። አደራ፣ ወደ እኛ ክልል ጉዳይ እንዳትወስዱት። ሱቄ ውስጥ ያ ቃል ከተነሳ ደንበኛ ይበተናል።

የሶደሬ_ልጅ

መጀመሪያ 14 ገጽ በስንት እንደምትተይብ ንገረን። ለመልሱ እትዬ ጠመኔን ጠብቅ፤ ቡና ላይ ይሆናሉ።

ጠመኔ

ቡናዬን ጨርሻለሁ። ለማያውቁኝ፣ እዚሁ አዳማ ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። «ጋሼ ጠመኔ» እያላችሁ የምትጽፉልኝ ደግሞ ተዉ፣ ሴት ነኝ።

ልጄ፣ ተማሪው ያነበበላችሁ ጥቅስ እውነተኛ ነው። ሊንከን መጋቢት 1861 ሥልጣን ሲይዝ ብሎታል (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የተሳሳተው ከጥቅሱ ያወጣው ድምዳሜ ነው። እሱን ለማየት ግን ከጥጥ መነሳት አለብን።

አያቴ ጥጥ ትዳምጥ ነበር። ጥጡን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታኖርና የብረት መዳመጫዋን እየገፋች ታንከባልልበታለች፤ ፍሬው ወደፊት እየተፈናጠረ ይወጣል፣ ጥጡ ወደ እሷ ይቀራል። ከጠዋት እስከ ማታ ተጎንብሳ የምታወጣው አንዲት ቁና አትሞላም። ከዚያ መንደፉ አለ፣ ባዘቶው አለ፣ መፍተሉ አለ። የአሜሪካ ደቡብ ችግሩ ይኸው የአያቴ ችግር ነበር፤ ያ አጭር ጭረት ያለው ጥጥ ፍሬው ሙጭጭ ብሎ አይለቅም። በ1793 ኤሊ ዊትኒ የሚባል ሰው የመዳመጫ ማሽን ሠራ። ድሮ አንድ ሰው በቀን አንድ ፓውንድ ያህል ያጠራ የነበረውን፣ በእጅ የሚዞረው ማሽን ወደ 50 አደረሰው።

ክፍል ውስጥ እዚህ ላይ ቆሜ «እንግዲህ ባርነት ቀነሰ ወይስ ጨመረ?» እላቸው ነበር። ሁልጊዜ «ቀነሰ!» ይሉኛል። ማሽኑ የዳመጠው እንጂ የተከለው፣ የኮተኮተው፣ የለቀመው እኮ እጅ ነው! ከአዳማ ወደ አዋሽ ወርዶ ጥጥ ሲለቀም ያየ ሰው ምን ያህል እጅ እንደሚበላ ያውቃል። በ1790 በባርነት የተያዘው ሰው 700 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደረሰ። የእነዚህ ሰዎች የገበያ «ዋጋ» (ቃሉን ስጽፈው እጄ ይቆረጠማል) የአሜሪካ ባቡርና ፋብሪካ ሁሉ ተደምሮ ከሚያወጣው ይበልጥ ነበር። ይህን ያህል ንብረት የያዘ ሰው «አልነካብህም» ስለተባለ ብቻ እንቅልፍ ይወስደዋል?

ሊንከን አልነካም ያለው ያለበትን ነው። ወደ ምዕራብ ወደሚከፈተው አዲስ መሬት ግን አንዲት ጋት አይስፋፋም አለ። ጠቡ በሙሉ እዚያ ላይ ነው። በ1819 ባርነት የፈቀዱትም የከለከሉትም ግዛቶች 11 ለ11 ነበሩ፤ በሴኔት እኩል። ሚዙሪ ከነባርነቷ ልግባ ስትል ሚዛኑ ሊሰበር ሆነ። በ1820 ሜይንን ነጻ ግዛት አድርገው አስገቡና በካርታው ላይ 36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ላይ መስመር አሰመሩ፤ ከሚዙሪ በቀር ከዚያ በላይ ባርነት የለም። 34 ዓመት ያዘላቸው። በ1854 የካንሳስና የኔብራስካ ሕግ መስመሩን ፍቆ «ነዋሪው በድምጽ ይወስን» አለ።

ዘመኑን ለማስያዝ አጼ ቴዎድሮስን ነበር የምጠራላቸው። እሳቸው በነገሡበት በ1855፣ ካንሳስ ላይ የምክር ቤት ምርጫ ተደረገ። ቆጠራ ላይ የተገኘው መራጭ 3 ሺህ አይሞላም፤ ኮሮጆው ሲከፈት ከ6 ሺህ በላይ ድምጽ ወጣ። ጎረቤት ሚዙሪዎች ባርነት እንዲፈቀድ ብለው ጠመንጃቸውን ይዘው ድንበር ተሻግረው መርጠው ተመለሱ። (ሳቁ እንጂ፣ ተማሪዎቼም ይስቁ ነበር።) ከዚያ መገዳደል ጀመሩ። በግንቦት 1856 ቻርልስ ሰምነር የሚባል የማሳቹሴትስ ሴናተር ይህንን አንሥቶ የባርነት ደጋፊዎቹን ክፉኛ ተናገረ። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬስተን ብሩክስ የተባለ የደቡብ ካሮላይና ተወካይ ሴኔት አዳራሽ ገብቶ፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከዘራው እስኪሰባበር ጭንቅላቱን ቀጠቀጠው። ሰምነር ወደ ሥራው በቅጡ የተመለሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ደቡቦቹ ምን አደረጉ? ለብሩክስ አዲስ ከዘራ ገዝተው ላኩለት። ከአንድም ብዙ። እኔ አገሪቱ ያኔውኑ ለሁለት ተከፍላለች ነው የምለው፤ መድፉ ነው አምስት ዓመት የዘገየው።

አሁን «የግዛቶች መብት» ላይ ልምጣ፤ ልጁን ያሳሳተው እሱ ነው። በ1850 የወጣ የኮብላይ ባሪያ ሕግ አለ። ሰሜን ያመለጠ ሰው ተይዞ ይመለሳል፤ ሰሜኑም እንዲያግዝ ይገደዳል። የተያዘው ሰው ለራሱ መመስከር አይችልም። ጉዳዩን የሚያየው ሹም ደግሞ «ባሪያ ነው፣ ይመለስ» ካለ 10 ዶላር ይከፈለዋል፣ «ነጻ ነው» ካለ 5 ዶላር። ይህ የፌዴራል ሕግ ነው፣ ደቡቡ ጠይቆ ያስወጣው። የሰሜን ግዛቶች «በግዛታችን አናስፈጽምም» ሲሉ፣ የግዛት መብት ነው ብሎ ያከበረላቸው ደቡባዊ አላየሁም። እንዲያውም ደቡብ ካሮላይና በታኅሣሥ 1860 ተገንጥላ ምክንያቷን ስትጽፍ ዋናው ክሷ ሰሜኖቹ ኮብላዮችን አልመልስ ማለታቸው ነው። ኒው ዮርክ ባሪያ ይዞ ማለፍን እንኳ ከለከለች ብላ ታማርራለች። ሚሲሲፒማ አልተደባበቀችም፤ አቋማችን ከባርነት ጋር ፈጽሞ የተሳሰረ ነው ብላ ነው የጀመረችው። ተማሪው ዩቲዩቡን ትቶ እነዚህን መግለጫዎች ያንብብ። ገንጣዮቹ ራሳቸው ያልደበቁትን እኛ ከ160 ዓመት በኋላ አዳማ ላይ ቁጭ ብለን ምን አስደበቀን?

ቀረጡን በአንድ መስመር ልለፈው። የ1857ቱ የገቢ ዕቃ ቀረጥ ዝቅተኛ ነበር፣ ደቡቡም ደግፎታል። ከፍ ያለው የጸደቀው መጋቢት 1861 ነው፤ ያኔ ሰባት ግዛቶች ወጥተው ጨርሰዋል።

ሚዛን_ይዞ

እትዬ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ሰሜኑን ጻድቅ አደረጉት። ያንን ጥጥ የሚፈትለው የማሳቹሴትስ ፋብሪካ፣ ብድሩን የሚሰጠው የኒው ዮርክ ባንክ አልነበረም እንዴ? ኬንታኪ፣ ሜሪላንድ፣ ደላዌርና ሚዙሪ ባሪያ እያሳደሩ ከሊንከን ጋር ቆመዋል። የገንጣዮቹን ባሮች ነጻ ናቸው ያለው የ1863ቱ የሊንከን አዋጅም እነሱን አይነካም። እና ጦርነቱ በባርነት ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ጠመኔ

ጻድቅ አላልኩም፤ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ሁለት ነው። ደቡቡ ለምን ወጣ? ሰሜኑስ ለምን ተከትሎ ተዋጋ? ደቡቡ የወጣው ባርነቱን ይዞ ለመዝለቅ ነው። ሰሜኑ መጀመሪያ የዘመተው አገሪቱ እንዳትፈርስ ነው እንጂ ማንንም ሊያስፈታ አይደለም። ልጁ የሰሜኑን መልስ ወስዶ ለደቡቡ ጥያቄ ሰጠው። ልብስ ሰፊውም በበኩላቸው ያንኑ ገልብጠው አደረጉት።

የሰሜኑን መልስ ካስለወጡት ዋነኞቹ በባርነት የነበሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ጦርነቱ በጀመረ በስድስት ሳምንቱ ሦስት ሰዎች ቨርጂኒያ ውስጥ ፎርት ሞንሮ ወደተባለው የሰሜን ጦር ምሽግ አመለጡ። ጄኔራሉ አልመልስም አለ፤ ወሬው ተሰማ፤ ከዚያ በመቶ፣ በሺህ ጎረፉ። ጦርነቱ እስኪያልቅ 180 ሺህ ያህል ጥቁር ወታደር ለሰሜን ተሰልፏል።

ባሪያ ስላልነበረው ደሃ የጠየቅከው ሳይመለስ ቀረ፤ ይቅርታ። በደቡብ ባሪያ የነበረው የነጭ ቤተሰብ ከአራት አንዱ ገደማ ነው። ለሌላው ተስፋም ነበር (ነገ እኔም እገዛለሁ)፣ ፍርሃትም ነበር፤ ሄይቲ ላይ ባሮች በጌቶቻቸው ላይ መነሣታቸውን ሰምቷል፣ በ1859 ጆን ብራውን የተባለ የባርነት ጠላት ባሮችን ለማስነሣት ቨርጂኒያ ውስጥ ሃርፐርስ ፌሪ ላይ መሣሪያ ግምጃ ቤት ሲሰብር አይቷል። ከሁሉም በላይ፣ ምንም ቢደኸይ ከበታቹ ሰው አለ። በ1862 ደግሞ በግዳጅ መለመሉት። በዚያው ዓመት 20 ባሪያ ላለው እርሻ አንድ ነጭ ከዘመቻ ይቅር የሚል ሕግ ወጣ። ወታደሩ «የሀብታም ጦርነት፣ የደሃ ውጊያ» እያለ ማጉረምረም ጀመረ። ያልዋጣላቸውም ነበሩ፤ የቨርጂኒያ ምዕራብ ከገንጣዩ ተገንጥሎ በ1863 ራሱን የቻለ ግዛት ሆነ።

የሶደሬ_ልጅ

ፈረንጅ ሲባል ግን ክፉ ነው። ሰው በዶላር!

ጠመኔ

ተው አንተ ልጅ። እኛም ቤት ነበር። በ1923 የመንግሥታት ማኅበር ልንገባ ስንል ያከራከረን ይኸው ጉዳይ ነው፤ በ1924 አዋጅ ወጣ፣ ጨርሶ የተከለከለው በ1942 ነው። አሜሪካኖቹ ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ባርነትን ከሻሩ 77 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ የማን አያት ከማን ቤት እንደነበረች በሹክሹክታ ይወራ ነበር። ሠርግ ሲመጣ ደግሞ ሹክሹክታው ድምጽ ያወጣ ነበር።

ኡበር_ሌሊት

እኔ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነኝ፣ የአዳማ ልጅ። ዱክ ስትሪት 1315 ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት አለ። ስንት ዓመት ሰው ጭኜ በፊቱ አለፍኩ፣ ቢሮ ነበር የሚመስለኝ። ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ነጋዴዎች ከ1828 ጀምሮ ሰው የሚያጉሩበት ነበር፤ እዚህ ገዝተው ወደ ጥጡ አገር በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ፣ ወይም በሰንሰለት አሰልፈው በእግር ወደ ናቼዝ። አሁን ሙዚየም ነው። በእግር የሄዱበትን መንገድ በጂፒኤስ አየሁት፤ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዳማ ጅቡቲ ሄዶ መመለስ በሉት።

ከቤቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው አውራ ጎዳና ደግሞ እስከ 2018 ድረስ በገንጣዮቹ ፕሬዚዳንት በጄፈርሰን ዴቪስ ስም ነበር የሚጠራው። አሁን ሪችመንድ ሀይዌይ ነው። አንዳንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ግን አሁንም በድሮው ስም ነው የሚጠራልኝ።

ቶነር_አለቀ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉትን ሁሉ ፕሪንት አድርጌ ጠበቅኩት (ቶነር አለ፣ ስሜ ነው እንጂ)።

ሐሙስ ልጁ መጣ። ቆሞ አነበበው። ቀረጡ ላይ ትንሽ ተከራከረኝ። 10 ዶላርና 5 ዶላሩ ላይ ሲደርስ ግን ዝም አለ፤ መልሶ አነበበውና «ይሄን አስገባልኝ» አለኝ። ገጽ 3 እንደ አዲስ ተጽፎ ወደ ገጽ 4 ፈሰሰ፣ የገጽ ቁጥሩ ሁሉ ተዛባ። ለእሱ አላስከፈልኩትም።

ጋሼ አልተረቱም። «ዞሮ ዞሮ አስፈታቸው አይደል?» ብለው ቀሩ። ልጁ መዳመጫ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር፣ እኔም በደንብ አላውቀውም። ጋሼ የእናታቸው ሥራ ስለነበር ከሱቃቸው የኮት ትከሻ ጥጥ ይዘው መጡ። ፍሬ ስለሌለው ከሚበሉት ቆሎ አንድ ሽምብራ ከተቱበትና ጠረጴዛዬ ላይ በማርከር ያንከባልሉት ጀመር። ሦስተኛው ላይ ሽምብራው ተፈናጥሮ ፕሪንተሩ ውስጥ ገባ።

እስካሁን አልወጣም፣ ወረቀት እያኘከብኝ ነው። የኋላ ክዳኑን ሳይሰብር መክፈት የሚያውቅ አለ?