የተመላሽ አብራሪዎች የጋራ ሐሳብ፦ ሁለተኛው ረቂቅ ምን ይዞ ይሂድ?

አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በውጭ አየር መንገዶች የሚሠሩ አብራሪዎች ተመልሰው አገር ቤት እንዲቀጠሩ የምናቀርበው ጥያቄ የመጀመሪያ ረቂቅ ረዝሟል፤ ከጥያቄው ይልቅ ምሬቱ በዝቷል። ስለዚህ እንደ አዲስ እንጻፈው። ጽሑፉ የሚገባው ሁለት ቦታ ነው፤ አንደኛው የአብራሪነት ፈቃድ (ላይሰንስ) የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ሁለተኛው ቀጣሪዎቹ፣ ማለትም የኢትዮጵያ አየር መንገድና በቻርተር (በኪራይ በረራ) የሚሠሩት የግል ድርጅቶች። ባለፈው የሁለቱን ጥያቄ ቀላቅለን በመጻፋችን ነው የተምታታብን። ባለሥልጣኑ ሥራ አይቀጥርልንም፣ ቀጣሪውም ላይሰንስ አያወጣልንም። እስከ እሑድ ማታ ሐሳባችሁን ላኩ። ያልተስማማንበት ነጥብ ያው የድሮው ነው፤ ስንመለስ የትኛው ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው፣ የካፒቴኑ ግራ ወይስ የረዳቱ ቀኝ?

ካፒቴን፣ ዱባይ (ኤርባስ ኤ380)፦
ግራ ወንበር ላይ ነዋ! ይኼ አከራካሪ የሆነበት ምክንያት አይገባኝም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2023 በዱባይ ኤር ሾው 11 ቦይንግ 787 እና 20 ቦይንግ 737 ማክስ አዟል። በ2024 ደግሞ 8 ቦይንግ 777ኤክስ ለመግዛት ተስማምቷል፤ 12 የመጨመር መብትም ይዟል። ካፒቴን በአንድ ዓመት አይበስልም። ሲያጥራቸው ከሌላ አህጉር በኮንትራት የሚያመጡ አየር መንገዶች አፍሪካ ውስጥ ሞልተዋል። ለባዕድ የተከፈተ በር ለአገር ልጅ የሚዘጋበት ምክንያት ምንድን ነው? አብዛኞቻችን ደግሞ እዚያው ቦሌ የሠለጠንን ነን።

የገልፍን (የባሕረ ሰላጤውን አገሮች) ኑሮም አትርሱ። የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። ሥራው ሲያልቅ ቤቱም የልጆች ትምህርት ቤቱም አብሮ ያልቃል፤ በ2020 በኮቪድ ጊዜ ጓደኞቻችን ላይ አይተነዋል። ተመላሽ ማለት ሻንጣውን ብቻ ጎትቶ የሚመጣ ሰው አይደለም።

ፈርስት ኦፊሰር (ረዳት አብራሪ)፣ አዲስ አበባ (ቦይንግ 737)፦
ካፒቴን፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኛስ? እኔ ከኪው400፣ ከአገር ውስጥ መስመሩ አነስተኛ አውሮፕላን ተነሥቼ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ ጅማ፣ አርባ ምንጭ ስመላለስ ኖሬ ነው እዚህ የደረስኩት። መቼ ካፒቴን እንደምሆን፣ የትኛው አውሮፕላን እንደሚደርሰኝ፣ ለገና ቤቴ መዋል አለመዋሌን ሳይቀር የሚወስነው ሲኒየሪቲ (የቅጥር ቅደም ተከተል) ነው። አንድ ሰው ከላይ በገባ ቁጥር ከሥር ያለነው ሁላችን አንድ ደረጃ እንወርዳለን። ረቂቁ "በነበርንበት ማዕረግ" ካለ እኔና ጓደኞቼ አንፈርምም። የእኛ ፊርማ የሌለበትን ወረቀት ደግሞ ቀጣሪው "ይኼ የውጪዎቹ ጥያቄ ነው" ብሎ ያስቀምጠዋል።

ካፒቴን፣ ዱባይ፦
እኛ ወጥተን ቦታ ባንለቅ ኖሮ አንተም 737 ላይ ለመድረስ ገና ትጠብቅ ነበር።

ፈርስት ኦፊሰር፣ አዲስ አበባ፦
እውነት ነው። ግን ለእኔ ብለው አልለቀቁም።

ጡረታ የወጡ ካፒቴን፣ የሲሙሌተር (የበረራ ማስመሰያ) አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ፦
ልጆች፣ ረጋ በሉ። እናንተ ስለ ወንበር ስትከራከሩ ቀጣሪው መጀመሪያ የሚገልጠው ሎግቡካችሁን (የበረራ መዝገባችሁን) ነው። የገልፍ ሎግቡክ ደግሞ አንዳንዴ ያታልላል፤ ሰዓቱ ሞልቶ ላንዲንጉ (ያሳረፉበት ብዛት) ያንሳል። ከዱባይ ሎስ አንጀለስ 16 ሰዓት ያህል ይበረራል፣ አራት አብራሪ ይሳፈራል፣ እየተቀያየሩ ይተኛሉ፣ ሲደርሱ የሚያሳርፈው አንዱ ብቻ ነው። የአገር ውስጡ የኪው400 ልጅ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ያሳርፋል። ማን ይበልጣል ማለቴ አይደለም፤ ድካማቸው ለየቅል ነው። ነገር ግን ሰዓት ብቻ ቆጥራችሁ ማዕረግ ከጠየቃችሁ፣ ላንዲንግ ቆጥሮ የሚመልስላችሁ አይጠፋም።

ቀጥሎ ቦሌ ራሱ አለ። ዱባይና ዶሃ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይሉም፤ ቦሌ ግን ከ7600 ጫማ በላይ ነው፣ አየሩም ሳስቷል። በሳሳ አየር የፍጥነት መሣሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ስለሚያሳይ፣ 140 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) እያሳያችሁ፣ ነፋስ ባይኖር እንኳ፣ መሬቱን የምትነኩት ከ155 ኖት በላይ እየሄዳችሁ ነው። ማኮብኮቢያው ቶሎ ያልቅባችኋል። ስትነሡ አንድ ሞተር ቢጠፋ አውሮፕላኑ እንደለመዳችሁት አይወጣም፣ በስተሰሜን ደግሞ እንጦጦ አለ። ይህ ልምድ ካልተሠራበት ከእጅ የሚጠፋ ነገር ነው። ሁለት የሲሙሌተር ክፍለ ጊዜ ግን ማን እንደጠፋበት፣ ማን እንዳልጠፋበት ይለያል።

የአውሮፕላኑም ዓይነት አለ። 777 ሲያበር የኖረ ሰው ወደ 787 ለመሸጋገር ሙሉ ታይፕ ሬቲንግ (ለአንድ የአውሮፕላን ዓይነት የሚሰጥ ሥልጠናና ብቃት ማረጋገጫ) አያስፈልገውም፤ ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ቦይንግ በ5 ቀን ሊያልቅ የሚችል የልዩነት ሥልጠና አዘጋጅቷል። ኤርባስም ከኤ380 ወደ ኤ350 ለሚሻገር አጠር ያለ መንገድ አለው። አገራችን ኤ380 የለም፣ ኤ350 ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አለ፤ ስለዚህ የዱባዩ ካፒቴን የሚጠይቁት የኤ350ን በር ነው መሆን ያለበት። ጨርሶ ከማይቀራረብ አውሮፕላን የሚመጣ ሰው ሙሉውን ይማራል፣ ወጪውም ከባድ ነው። ረቂቁ ይህን ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከቷል።

ስለ ዕድሜም አንድ ቃል ልበል። 65 የሞላው አብራሪ በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ አይቀመጥም። በ62 ዓመቱ ለሚመለስ ሰው የታይፕ ሬቲንግ ወጪ የሚሸፍን ቀጣሪ አትጠብቁ። እሱን ለሲሙሌተርና ለመማሪያ ክፍል አቅርቡት። ውርደት የሚመስለው ካለ እኔ ዘንድ ይምጣና አንድ ቀን አብሮኝ ይዋል።

ፈርስት ኦፊሰር፣ ዶሃ (777)፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። የወረቀቱን ነገር እኔ ልጨምር፤ አሁን በመሐሉ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የኢትዮጵያ ላይሰንሴ ጊዜው አልፎበታል፤ የምበርበት የኳታር ነው። የላይሰንሱ ማረጋገጫ ከኳታር ባለሥልጣን ወደ ኢትዮጵያው በቀጥታ ካልሄደ እኔ በእጄ የያዝኩት ኮፒ ብዙም አያራምድም። ስለዚህ ማመልከቻው ሥራ ከለቀቁ በኋላ ሳይሆን ገና በሥራ ላይ እያሉ ተቀባይነት እንዲኖረው እንጠይቅ። ምክንያቱም ሥራ ባቆምኩ ማግስት ቀኑ ይቆጠርብኛል። በ90 ቀን ውስጥ 3 ጊዜ ያልተነሣና ያላሳረፈ አብራሪ መንገደኛ ጭኖ አይበርም። የብቃት ፈተናው በየመንፈቁ ነው። ሜዲካሉ (የጤና ማረጋገጫው) ለእኔ ዕድሜ 12 ወር፣ 60 ላለፈው 6 ወር ነው። ወረቀት ስጠብቅ ወራት ካለፉ እነዚህ ሁሉ ተራ በተራ ይቃጠላሉ፣ እያንዳንዱን ማደስ ደግሞ ከኪስ ነው።

ለሁላችሁም አንድ ምክር፦ የኩባንያው ሲስተም ሥራ ስትለቁ ይዘጋባችኋል፤ ሎግቡካችሁን አሁኑኑ አውጡት። እኔ በየወሩ አትሜ፣ ከገጹ ግርጌ ድምሩን በእስክሪብቶ ጽፌ፣ ቢሮ ወስጄ ማኅተም አስመትቼበታለሁ። ዓምዶቹን ደግሞ ለዩ፤ በረዳትነት የበረራችሁት ለብቻ፣ በካፒቴን ክትትል ሥር እንደ አዛዥ የበረራችሁት ለብቻ፣ በረጅም በረራ ላይ ተቀያሪ ሆናችሁ የተቀመጣችሁት ለብቻ። ሦስቱን ደባልቆ የደመረውን ሰው መርማሪው የቀረውንም አያምነውም።

ካፒቴን፣ ቶሮንቶ፦
እኔ የካናዳ ዜግነት ወስጃለሁ፤ አገራችን ደግሞ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን የያዘ ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ መቀጠር ይችላል። ረቂቁ "ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች" ብሎ ያቆማል፤ "ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን" ይባል። አለበለዚያ እኔና እኔን የመሰሉ ከበሩ እንመለሳለን። መኪና ከቀረጥ ነጻ ማስገባትስ አንድ አንቀጽ አይገባውም?

አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ፦
ትውልደ ኢትዮጵያው ገብቷል። መኪናው አይገባም፤ ስለ መኪና አንድ መስመር ከጻፍን የሚታወስልን እሱ ብቻ ነው። ደመወዝም እንዲሁ አይነሣ፤ ዶላሩን በብር እያባዛ የሚያስብ ሰው መጀመሪያውኑ አይመለስም።

ካፒቴን፣ ጂዳ፦
ሁላችንም እያወቅን ማንም ያልነካውን ልንካው። ከመካከላችን የሥልጠና ግዴታውን፣ ማለትም ላሠለጠነው ድርጅት ለማገልገል ወይም ወጪውን ለመክፈል የፈረመውን ሳይጨርስ የወጣ አለ። ዋስ ሆኖ የፈረመው አባት ወይም አጎት ነው፤ ልጁ ዱባይ እየበረረ ደብዳቤው የሚደርሰው እሳቸው ደጅ ነው። ይህ ሳይነሣ "አገር ለማገልገል ተመልሰናል" ብንል ማን ይሰማናል? ዕዳ ያለበት ቀድሞ ይክፈል። በሌላ በኩል ከፍሎም የሚንገላታ አለ፤ እኔ የቀድሞ ድርጅቴን ዕዳ ጨርሼ ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) ለማግኘት ስመላለስ ከርሜያለሁ። የከፈለ ሰው በተቆረጠ ቀን ወረቀቱን ያግኝ። ሁለቱም ይጻፍ።

ፈርስት ኦፊሰር፣ አዲስ አበባ፦
ይኼ ካለ የእኛዎቹን ለማስፈረም ይቀለኛል።

አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ፦
እንግዲህ የተባለውን ሁሉ ይዤ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

"ለባለሥልጣኑ፦ ከውጭ ለሚመለሱ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ፈቃድ ለማደስ ወይም ለመለወጥ የሚያስፈልጉ ሰነዶችና ፈተናዎች በአንድ ዝርዝር ተጽፈው እንዲወጡ፤ ማመልከቻው አብራሪው በውጭ አገር ሥራ ላይ እያለ እንዲጀመር፤ የፈቃድ ማረጋገጫ ከውጭ ባለሥልጣናት ሲደርስ ለአመልካቹ እንዲነገረው እንጠይቃለን።

ለቀጣሪዎች፦ ተመላሾች የቦሌን ከፍታና አካባቢ ባካተተ የሲሙሌተር ምዘና እንዲፈተኑ፤ ከ777 ወደ 787፣ ከኤ380 ወደ ኤ350 የሚሻገሩት ለብቻ እንዲታዩ፤ የጡረታ ዕድሜያቸው የተቃረበ በአሠልጣኝነት እንዲቀጠሩ፤ ያልተጠናቀቀ የሥልጠና ግዴታ ያለበት ከማመልከቱ በፊት እንዲያጠናቅቅ፣ ላጠናቀቀውም በ30 ቀን ውስጥ ማረጋገጫ እንዲሰጠው እናቀርባለን። ተመላሹ በረዳት አብራሪነት ይገባል፤ የካፒቴን እጥረት ባለበት የአውሮፕላን ዓይነት ላይ ግን በቀጥታ በካፒቴንነት የሚገባበት መንገድ ይኑር።"

ፈርስት ኦፊሰር፣ አዲስ አበባ፦
የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነኝ። እጥረት አለ የለም የሚለው ማን ነው? "በዚያ የአውሮፕላን ዓይነት ላይ ብቁ ሆነው ተራ የሚጠብቁ ነባር ረዳት አብራሪዎች ካደጉ በኋላ" የሚል ይጨመርበት። እንደዚያ ከሆነ ነገውኑ አስፈርማለሁ።

ጡረታ የወጡ ካፒቴን፣ አዲስ አበባ፦
ይጨመር። በቀጥታ የገባውም የኮንትራት ጊዜው የተወሰነ ይሁን፣ የሲኒየሪቲ ቁጥሩም ከገባበት ቀን ይቆጠር። ካለዚያ በአንድ ኮክፒት (የአብራሪዎች ክፍል) ውስጥ የሚኮራረፉ ሁለት ሰዎችን ነው የምታስቀምጡት፤ እሱ ደግሞ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ፦
ሁለቱም ገብቷል። የዶሃዋ እህታችን የሰነዶቹን ረቂቅ ዝርዝር ታዘጋጃለች፣ የጂዳው ካፒቴን የክሊራንሱን አንቀጽ ለሕግ አዋቂ ያሳያሉ። ካፒቴን ዱባይ፣ የእርስዎ ፊርማ ቀርቷል።

ካፒቴን፣ ዱባይ፦
የሲኒየሪቲውን ነገር አልተቀበልኩትም፤ ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤው ይያዝልኝ። ለቀረው ፈርሜያለሁ። ጋሼ፣ በሚቀጥለው ወር ፈቃድ ላይ አዲስ አበባ ነኝ። የቦሌውን ምዘና ለሙከራ የሚቀመጥ ሰው ከፈለጉ እኔን ያስቀምጡኝ፣ ውጤቱንም ከፈለጋችሁ አባሪ አድርጉት።