ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በሞተር ሳይክል፦ ድንኳን የት እንትከል?

ጥያቄ (የማርቆስ መንገደኛ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና አንድ ጓደኛዬ ጥቅምት አጋማሽ ላይ በሁለት ሞተር ሳይክል ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ በኩል ባሕር ዳር ለመግባት አስበናል። 260 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ በአንድ ቀን እንደሚያልቅ እናውቃለን፤ ነገር ግን ከተማ ውስጥ አልጋ ከመያዝ ይልቅ የመጀመሪያውን ሌሊት ዘንገና ሐይቅ፣ ሁለተኛውን ጣና ዳር በድንኳን ማደር እንፈልጋለን። ሁለቱ ቦታዎች ለማደር ይመቻሉ ወይ? ከዳንግላ በኋላስ መንገዱ ጣናን ተከትሎ የሚሄድበት ቦታ አለ?

መልስ (የእንጅባራ ልጅ)

ለመጀመሪያው ሌሊት ዘንገናን መምረጣችሁ ጥሩ ነው። ቲሊሊን አልፋችሁ እንጅባራ ከመድረሳችሁ በፊት፣ ከአስፋልቱ ብዙም ሳትርቁ ታገኙታላችሁ። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሲሆን ጥልቀቱ ከ150 ሜትር ይበልጣል፤ ዳሩ ቁልቁል ስለሚወርድ ዋና ብትችሉም እንዳትገቡበት አደራ እላለሁ። ድንኳኑንም ውኃው አጠገብ ለመትከል አትድከሙ፤ ከላይ፣ ከአፋፉ ራቅ ያለ ደልዳላ ሣር ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን በአቅራቢያው ያሉትን ነዋሪዎች ማስፈቀድና ለቀበሌው ማሳወቅ አለባችሁ፤ ያልታወቀ ድንኳን በሌሊት ሰው ያስደነግጣል።

ከሁሉ በላይ የምትዘጋጁበት ነገር ብርዱ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ በመሆኑ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይከፋል፣ ወደ ኅዳር ሲጠጋም ውርጭ ይጥላል። ቀጭን የመኝታ ከረጢት ብቻውን አያሳድርም፤ አንድ አንድ ጋቢ ጨምሩበት፣ ከሥራችሁም ወፈር ያለ ነገር አንጥፉ። ጠዋት ድንኳኑ በጤዛ ርሶ ስለሚገኝ ፀሐይ ሳይመታው ከጠቀለላችሁት ማታ ጣና ዳር የምትዘረጉት እርጥብ ጨርቅ ይሆናል። ለማገዶ ዛፍ አትንኩ። የአዊ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ተክሎ ከሰል አክስሎ የሚተዳደር ነውና ከመንገድ ዳር ትንሽ ከሰል ብትገዙ ለእናንተም ለሻጩም ይበጃል።

መልስ (ጣና ዳር)

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ዋናው አስፋልት ከዳንግላ በዱርቤቴና በመራዊ አድርጎ ሲሄድ ጣናን አያሳያችሁም፤ ወተት አባይ ከተማ ላይ የምትሻገሩት ግልገል አባይ ወደ ጣና የሚገባ ትልቁ ወንዝ ቢሆንም ሐይቁ ራሱ ከዚያ ሩቅ ነው። ጣናን በጎጃም በኩል በሞተር ለመጠጋት ወደ ዘጌ የሚወስደውን የአፈር መንገድ መያዝ ያስፈልጋል። ዝናብ ከጣለ ግን መረሬው፣ ማለትም ጥቁሩ የሚጣበቅ አፈር፣ በጎማውና በፓራፋንጎው (በጭቃ መከላከያው) መካከል እየገባ ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል፤ በእንጨት እየቆፈሩ መሄድ ግድ ነው። ሁለት ቀን ካባራ በኋላ ግን ያው መንገድ ደስ ይላል።

ሆኖም ሐይቁ ዳር ድንኳን መትከሉን አልደግፍም። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ በተለይ አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ መመላለሻውን ሳያውቁ ማደር ሕይወትን ያስከፍላል። ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ የወባ ወራት ናቸው፤ አጎበር ሳትይዙ እንዳትመጡ። ቢልሃርዝያ ስላለም ዳር ዳሩን በባዶ እግር አትግቡ፤ ውኃውንም ሳታፈሉ አትጠጡ። በእኔ አስተያየት ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን ተሳልማችሁ፣ በቡናው ጫካ ተዘዋውራችሁ፣ ለማደር ባሕር ዳር ግቡ። በጫካው ውስጥ እሳት ማንደድ ፈጽሞ አይታሰብ፤ የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ ሳያርስ ያኖረው ቡና ነው።

መልስ (የቀድሞ ሾፌር)

የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን ከድንኳኑ በፊት ስለ መንገዱ እላለሁ። ያለፉትን ዓመታት የክልላችንን ጸጥታ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ማርቆስ መናኸሪያ ወርዳችሁ በዚያው ቀን ከቡሬና ከእንጅባራ የመጡ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ እነርሱ የማይሄዱበትን መንገድ እናንተም አትሂዱበት። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና መታወቂያ በቅርብ ኪስ ይኑር። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መንዳቱን ተዉት፤ ከብቱ ወደ ቤቱ የሚገባው፣ መብራት የሌለው ጋሪም አስፋልት ላይ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው። ቤንዚን ባገኛችሁበት ሙሉ፤ ወደፊት ይገኛል ብላችሁ አትለፉ። የጎማ መለጠፊያና የእጅ ፓምፕ ያዙ፤ በከተሞቹ መካከል ጎሚስታ ላታገኙ ትችላላችሁ።

መልስ (የማርቆስ መንገደኛ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በምክራችሁ መሠረት በድንኳን የምናድረው ዘንገና ላይ ብቻ ይሆናል፤ ባሕር ዳር አልጋ እንይዛለን። አንድ ነገር ቀረኝ፦ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ቢጠብቀን ሞተሮቹን የት አድርገን ዘጌ እንሂድ?

መልስ (ጣና ዳር)

ባረፋችሁበት ሆቴል ግቢ ለጥበቃው አስረክባችሁ ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ ተሻገሩ። ሒሳቡን ከመሳፈራችሁ በፊት፣ የመመለሻውንም ጨምራችሁ ተነጋገሩ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ስለሚናወጥ በጠዋቱ ሂዱ።