«ይኮማተራል» ካልን አጥሮ መቅረቱን ምን እንበለው?

ተርጓሚ፦ ለነፍሰ ጡሮች የሚታደል ጽሑፍ እየተረጎምኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜያለሁ። «የማኅፀን ጡንቻ በምጥ ጊዜ ይኮማተራል፤ ከዚያ ይላላል፤ ሲላላ ግን ወደ ቀድሞ ርዝመቱ አይመለስም።» ይህን ከእያንዳንዱ ምጥ በኋላ ጥቂት ጥቂት አጥሮ መቅረት በአንድ ቃል ምን እንበለው? «መኮማተር»ን ለመጀመሪያው አውዬዋለሁ።

ብራና፦ አስቀድሞ ፊደሉ ይታረም። «ማሕፀን» በሐመሩ ሐ እንጂ በብዙኃኑ ኀ አይጻፍም። ሥሩ «ሐፀነ» ነው፤ አቀፈ፣ አሳደገ ማለት ነው። «ሕፃን»ም ከዚሁ ይወጣል።

ተርጓሚ፦ እርማቱን ተቀብያለሁ፤ በኀ ታትሞ ያየሁት ግን ብዙ ነው። ቃሉስ?

ሰም ፈላጊ፦ እኔን «ምጥ» ራሱ ያሳስበኛል። ከግእዙ «ሜጠ» ይመስለኛል፤ መለሰ፣ አዞረ። «ምይጠት» መመለስ አይደል? ምጥም ፋታ ሰጥቶ ይመለሳል።

ብራና፦ ድምፅ ስለተቀራረበ ሥር አይሆንም። «አማጠ» ውስጥ መመለስ የለም፤ ያለው መግፋት ነው። ሆዱ የደረቀበትም ያምጣል፤ ሐሳብ የሚወልድም ያምጣል።

አዋላጅ፦ ብራና፣ በፊደል እርስዎ ይበልጡኛል፤ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ምጥና ማማጥ አንድ አይደሉም። ምጥ የያዛትን ሴት የማሕፀኗ በር 10 ሳንቲሜትር እስኪከፈት ድረስ «ገና ነው፣ አታምጪ» እንላታለን። ምጡ ግን እሷ ባታምጥም በራሱ ይመጣል። ሲፋፋም በ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ አንዱ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይቆያል።

ሰም ፈላጊ፦ ለካ «ምጥ ያዛት» የምንለው ለዚህ ነው! እሷ ተሳቢ ናት። ለተሰሎንቄ ሰዎችም የተጻፈው «ምጥ እርጉዝን እንደሚይዛት» ተብሎ ነው። ስታምጥ ግን ባለቤት ትሆናለች።

ባዮ መምህር፦ ሰዋስውና አካል እዚህ ላይ ገጠሙ። የማሕፀን ጡንቻ ለስላሳ ጡንቻ ስለሆነ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የምታምጥበት የሆድ ጡንቻ ግን ይታዘዛል። ካልሲየም ወደ ሴሉ ሲገባ ካልሞዱሊን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣመራል፤ በዚህ የነቃው ኤንዛይም ማዮሲን የሚባለውን የጡንቻ ፕሮቲን ያነሣሣል፤ ማዮሲንም አክቲን የሚባለውን የሌላውን ፕሮቲን ክሮች ይዞ ይስባል። ሴሎቹ በጥቃቅን መተላለፊያዎች የተያያዙ ናቸውና ምልክቱ ካንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ደግሞ ያበረታዋል። ክሮቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ እንጂ አይሸበሸቡም፤ ስለዚህ «ይጨማደዳል» የሚል ካለ እቃወማለሁ።

አዋላጅ፦ እናቶችም «ሆዴ ጠነከረ» ይላሉ እንጂ «ተኮማተረ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እጅ ሲያርፍበት እውነትም ይጠነክራል።

ብራና፦ ይህ መልካም ማስረጃ ነው። እስቲ «ተኮማተረ» የምንለው ምኑን ነው? እሳት የነካውን ቆዳ፣ ታጥቦ ያጠረውን ልብስ። ሁለቱም አይመለሱም! እንግዲያው «መኮማተር» የሚገባው አጥሮ ለሚቀረው ነው። ለሚመጣው ለሚሄደው «መጨበጥ» ይሁን፤ እጅ ይጨብጣል፣ ይለቃል።

ተርጓሚ፦ የኔታ፣ ልብ የሚያሳርፍ ሐሳብ ነው፤ ግን የጤና ጽሑፎች ሁሉ «መኮማተር»ን ለሚመጣው ለሚሄደው አውለውታል። እኔ ብቻዬን ብገለብጠው አንባቢዋ ትሳሳታለች።

ባዮ መምህር፦ መጨበጥ ላይ ጥርጣሬ አለኝ። እጅ ሌላ ነገር ይጨብጣል፤ ጡንቻው ምን ይጨብጣል?

አዋላጅ፦ ሕፃኑን። ከወሊድ በኋላ ደግሞ የደም ሥሮቹን። እንግዴ ልጁ ሲወጣ የተጠላለፉት የጡንቻ ክሮች በመካከላቸው የሚያልፉትን የደም ሥሮች ጨብጠው ይዘጋሉ፤ ደሙ በዋነኛነት የሚቆመው በዚህ ነው። ማሕፀኑ ሳይጨብጥ ልል ከሆነ እናቲቱ በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ደም ታጣለች። ተርጓሚ፣ አጥሮ መቅረትን በስሙ ባትጠራው እንኳ እባክህ ሐሳቡን ከጽሑፉ አታውጣው።

ተርጓሚ፦ አላወጣውም። ለጊዜው «አጥሮ ይቀራል» ብዬ በሁለት ቃል አስቀምጬዋለሁ፤ አንድ ቃል ያለው ካለ አሁንም እጠብቃለሁ።

ሰም ፈላጊ፦ ብራና፣ «ሜጠ»ን አልተውኩም። «አማጠ» ከየት መጣ ይላሉ?

ብራና፦ በመጀመሪያ «አማጠ»ን ከ«አስማጠ» ለይተህ አርባልኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።