ስርዝ ድልዝ ያለበት የማን መጽሐፍ ነው?

የአባዶ ዘብ፦
ቅዳሜ ማታ ከሜዳው ድንኳን በድምፅ ማጉያ የተለቀቀውን ስብከት የካ አባዶ ውስጥ ያልሰማ አለ? «መጽሐፍ ቅዱስ 81 መጻሕፍት ነው የሚሉ ሰዎች እርግማናቸውን ራእይ 22፥18 ላይ ያንብቡ» ተባልን። እሺ፣ አነበብን። አሁን ደግሞ እናንተ በስልካችሁ የምታነቡትን አዲሱን ትርጉም ክፈቱና ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ቁጠሩ። 35፣ 36፣ 38። 37 የት ገባ? «ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደ ሆነ አምናለሁ» ያለው የእኛው ጃንደረባ ነው። ይህን ቆርጦ የጣለ ሰው ነው ስለ መጨመር የሚያስተምረን? ቁጥር 19ንም አብራችሁ አንብቡ፤ የሚያጎድል ዕድሉ ይጎድልበታል ይላል። እኛ ጋ ስርዝ ድልዝ የለም። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ካርታ ወረዳ እንኳ አይቀበልም።

ቤሪያ፦
ስብከቱ ልክ ነው። ከ66 በላይ ያለው ጭማሪ ነው፣ አለቀ። ለመሆኑ 81 ስትሉ የትኛውን 81 ነው? 46 ብሉይና 35 አዲስ ወይስ 54 ብሉይና 27 አዲስ? ሁለቱም ሲደመር 81 ይመጣል፣ ዝርዝሩ ግን ለየቅል ነው። «ስርዝ ድልዝ የለም» ያልካትን ግን እንዳታጠፋት፣ እመለስባታለሁ።

የአባዶ ዘብ፦
37 የት ገባ?

ሰላም ዘጣፎ፦
እኔም ከድንኳኑ ወገን ነኝ፤ ስብከቱ ግን አላስደሰተኝም። ለ37 መልሱ ቀላል ነው። ቁጥሮቹን ሉቃስ አልጻፋቸውም። የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል የመጣው ሮበርት ኢስቲየን የሚባል ፈረንሳዊ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1551 ካሳተመው ነው። እሱ በያዘው ጽሑፍ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩ ስለነበረ 37 ተባለ። በኋላ የቆዩት የግሪክ ቅጂዎች ሲመረመሩ ዓረፍተ ነገሩ ታጣ። ሲናይቲከስና ቫቲካኑስ የሚባሉት የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅጂዎች የላቸውም፣ ከእነሱ የሚቀድመው የ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓፒረስም የለውም። ተርጓሚዎቹ ወደ ግርጌ አወረዱት፤ ቁጥሩን ግን አላሸጋሸጉም፣ ቢያሸጋሽጉት የዓለም ጥቅስ ሁሉ ይምታታ ነበር። ሊደብቅ የፈለገ ሰው ቁጥሩን ዘሎ ምልክት ይተውልሃል?

የአባዶ ዘብ፦
እህቴ፣ «ወደ ግርጌ አወረዱት» የሚለው ቃል ደስ ይላል። ሰው ከቤቱ አውጥተህ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት እንደ ማለት ነው። የ1954ቱ የአማርኛ ትርጉም አለው፣ የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስም እ.ኤ.አ. በ180 ገደማ የጃንደረባውን ምስክርነት ጠቅሶታል። ሄሬኔዎስ ከእነ ሲናይቲከስ በፊት የነበረ ሰው ነው። ታዲያ ማን ነው የቆየው?

ቁም ጸሐፊው፦
የሄሬኔዎስን ጥሩ አነሳህ። ያቺን ስርዝ ድልዝ ግን እኔም ልያዝብህ። የብራና መጽሐፍ ገልጠህ አንድም እርማት ካጣህበት አትኩራ፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ተነቦ ታርሟል ወይ?» ነው። ሥራው እንዲህ ነው። አንዱ የሚገለበጥበትን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በአዲሱ ላይ ይከተላል። የፊደል ስሕተት ከሆነ ቀለሙ እስኪደርቅ ተጠብቆ በስለት ይፋቃል። ሳይደርቅ ከነኩት ይሰራጫል፤ አጥብቀው ከፋቁት ብራናው ይሳሳና ዳግም ሲጻፍበት ቀለሙን ይጠጣዋል፣ ሲብስም ይበሳል። የሚወጣው ሙሉ ቃል ሲሆን ሳይፋቅ ከላይና ከታች ጭረት ይደረግበታል፤ አንባቢው ይዘለዋል፣ የተሠረዘው ግን ይታያል። የተረሳ ቃል በሁለቱ መስመሮች መካከል በደቃቅ ፊደል ይገባል። የተዘለለው ረዘም ካለ ቦታው ላይ እንደ መስቀል ያለች ምልክት ይደረግና ያችው ምልክት ሕዳጉ ላይ፣ ማለትም በገጹ ዳር ባዶ ቦታ፣ ከተጻፈው ፊት ትቀመጣለች።

መከራው የሚመጣው ከቀጣዩ ገልባጭ ነው። ሕዳጉ ላይ ያለው የተረሳ ቃል ይሁን የመምህር ማብራሪያ በምን ይለይ? ምልክቷ ከጠፋች ወይ ማብራሪያውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ወይ እውነተኛውን ቃል ውጭ ይተወዋል። ሁለቱም ይደርሳል። 37 ላይም ያለው ጥያቄ ይኸው ነው። የሆላንዱ ሊቅ ኢራስመስ እ.ኤ.አ. በ1516 ባሳተመው ግሪክ ውስጥ ይህን ቁጥር ያስገባው ከአንድ ቅጂ ሕዳግ ላይ አግኝቶ ነው፤ ገልባጮች በቸልተኝነት የጣሉት መስሎታል።

ቤሪያ፦
መጣልኝ! መምህር ይባርክዎት። «ስርዝ ድልዝ የለም» ያለው ሰው ብራናው ላይ ፍቀት፣ ጭረት፣ ሕዳግ እንዳለ ከራሱ ወገን ሰማ። ካርታው ውድቅ ሆነ ማለት ነው?

የአባዶ ዘብ፦
ትምህርቱ ላይ የለም ነው ያልኩት።

ቤሪያ፦
አላልክም። ካርታ ብለህ የጀመርከው አንተ ነህ። ካርታ ትምህርት የለውም፣ ቀለምና ማኅተም ነው ያለው።

ብሎክ 47፦
ስለ ማጉያው ግን ማንም ምንም አላለም። እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚፈቀደው?

ቤሪያ፦
ማጉያ ከተነሳ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚጀምረውንም እናንሳው።

የአባዶ ዘብ፦
ኪዳን ጸሎትን ከድንኳን ጩኸት ጋር አታወዳድር።

አቡ ሐናን፦
ጎረቤቶቼ፣ «ተለውጧል» ብለን እኛ ስንናገር በዚሁ ግሩፕ ስንት ተባልን። ዛሬ እርስ በርስ ስትባባሉት ዝም ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነው።

ቁም ጸሐፊው፦
ሻይህን ጠጣ አቡ ሐናን፤ ግን አትቸኩል። 37 የገባበትንም ያልገባበትንም የምናውቀው ቅጂው ብዙ ስለሆነና ማንም ሰብስቦ ስላላቃጠለው ነው።

ሰላም ዘጣፎ፦
ወደ ራእይ 22 እንመለስ። «በዚህ በትንቢት መጽሐፍ» ነው የሚለው። ዮሐንስ የሚናገረው በእጁ ስለያዘው ጥቅልል ነው። በሁሉም ላይ ነው ካላችሁ ዘዳግም 4፥2ም «አትጨምሩም፣ አታጎድሉም» ይላል፤ ያኔ ከኢያሱ ጀምሮ ያለው በሙሉ ጭማሪ ሊሆን ነው።

ቤሪያ፦
እህቴ፣ ራእይ የመጨረሻው መጽሐፍ ስለሆነ እኮ ነው ማኅተሙ እሱ ላይ ያረፈው። ከማኅተም በኋላ የሚጻፍ የለም።

ሰላም ዘጣፎ፦
መጨረሻ ያደረገው ማን ነው? ሲናይቲከስ ውስጥ ከራእይ ቀጥሎ የበርናባስ መልእክትና የሄርማስ እረኛ አሉ። ፐሺታ የሚባለው የሶርያው ትርጉም መጀመሪያውኑ ራእይን አልያዘም፤ 2ኛ ጴጥሮስ፣ 2ኛና 3ኛ ዮሐንስ፣ ይሁዳም የሉበትም። እነሱ አጎደሉ እንበል?

የአባዶ ዘብ፦
እኛ ጋም ከራእይ ቀጥሎ የሥርዓት መጻሕፍት፣ መጽሐፈ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ አሉ። ስለዚህ «መጨረሻ» የምትለው የአንተ ማተሚያ ቤት መጨረሻ ነው።

ቤሪያ፦
አትናቴዎስ እ.ኤ.አ. በ367 በጻፈው የፋሲካ ደብዳቤ አዲስ ኪዳንን 27 ብሎ ዘርዝሯል። የእናንተው አባት ነው። በቅዳሴያችሁ የምትጠሩት ሰው ዲድስቅልያን አልቆጠረም።

ቁም ጸሐፊው፦
እውነት ነው፣ 27 ብሏል። ያው ደብዳቤ ግን አስቴርን ከዝርዝሩ አውጥቶ «ለንባብ» ከሚላቸው ከጦቢትና ከዮዲት ጋር አስቀምጧታል፤ ባሮክን ደግሞ ከኤርምያስ ጋር ቆጥሮታል። አትናቴዎስን መለኪያ ካደረግኸው ሙሉውን ውሰደው፤ አስቴርን ከ66ህ አውጣና ባሮክን አስገባ።

ቤሪያ፦
ስለ አስቴር አልጠየቅሁም።

የአባዶ ዘብ፦
አስቴር የት ገባች?

ሰላም ዘጣፎ፦
በእኛ ቤትም እንነጋገር። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1534 ባሳተመው የጀርመን መጽሐፍ ቅዱስ እነ ጦቢትን በሁለቱ ኪዳኖች መካከል ለብቻ አስቀመጣቸው እንጂ አልጣላቸውም። የ1611ዱ የእንግሊዝ ትርጉምም ይዟቸው ነው የወጣው። ከብዙ እትም ውስጥ በሙሉ የጠፉት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበራት እነሱን ለማሳተም ገንዘብ አናወጣም ካሉ በኋላ ነው። «ከጥንት ጀምሮ 66» የሚለውን ስብከት ከዚህ ጋር እንዴት ታስታርቀዋለህ?

ቤሪያ፦
ለብቻ ማስቀመጥ ማለት እኩል አይደሉም ማለት ነው። ነጥቤን አጠናከርሽልኝ። ሄኖክስ? ሄኖክ ውስጥ ያለውን ሁሉ በዚህ ግሩፕ የሚከላከል አለ?

የአባዶ ዘብ፦
ይሁዳ 14ን አንብብ፣ «ከአዳም ጀምሮ ሰባተኛ የሆነ ሄኖክ» ብሎ ይጠቅሰዋል። ሄኖክ ሙሉውን በግእዝ ብቻ ነው የተረፈው፤ ቁምራን ዋሻ ውስጥ የተገኘው የአራማይስጡ ቁርጥራጭ ነው። እኛ ባንጠብቀው ዓለም አያገኘውም ነበር። ያጎደለው ማን ሆነና?

ቁም ጸሐፊው፦
የሚገርመው ማስጠንቀቂያው ሄኖክ ውስጥም አለ። በውጭው አከፋፈል ምዕራፍ 104 ላይ ኃጢአተኞች የእውነትን ቃል እንደሚለውጡ ይናገርና ቃሌን ሳይለውጡ፣ ሳያጎድሉ ይጻፉ ይላል። የአሮጌ መጻሕፍት ልማድ ነው፤ የገልባጭን እጅ ስለሚያውቁ ይገዝቱታል። ሄሬኔዎስ ራሱ በአንዱ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ገልባጩን በጌታ ስም አስምሎ «የገለበጥኸውን ከዋናው ጋር አስተያይና አርም፤ ይህንንም መሐላ አብረህ ገልብጥ» ብሎታል። የአውሬው ቁጥር 666 ሳይሆን 616 የሚሉ ቅጂዎች በዘመኑ ነበሩ፤ የገልባጭ ስሕተት ነው ብሎ ሞግቷቸዋል። በየዋህነት የተሳሳተውን ይቅር ይበለው አለ፤ በቅዱሱ መጽሐፍ ላይ የሚጨምርና የሚያጎድል ግን ቅጣቱ ቀላል እንዳልሆነ አስጠነቀቀ። ራእይ 22ን ገልባጭ ላይ የጠቀሰው እንዲህ ለይቶ ነው፤ በማጉያ ጎረቤት ላይ አይደለም።

ቤሪያ፦
ስለዚህ መርገሙ ተርጓሚውን አይነካም፣ ገልባጩን አይነካም፣ 81ዱንም አይነካም። ማንን ነው የሚነካው?

ቁም ጸሐፊው፦
እያወቀ የሚለውጠውን። ኢራስመስንም ያስፈራው እንደሆነ አላውቅም እንጂ፣ ይህችኑ ማስጠንቀቂያ ሲያሳትም ለራእይ በእጁ የነበረው አንድ የግሪክ ቅጂ ብቻ ነው፣ የመጨረሻው ቅጠል ደግሞ ተቀዶ ጠፍቷል። የጎደሉትን 6 ቁጥሮች ከላቲን ወደ ግሪክ መልሶ ተረጎማቸው። ላቲኑ «የሕይወት መጽሐፍ» ስለሚል የ1611ዱም እንዲሁ ሆነ፤ የግሪክ ቅጂዎቹ ግን «የሕይወት ዛፍ» ነው የሚሉት፣ የ1954ቱ አማርኛም ዛፍ ይላል።

የአባዶ ዘብ፦
አያችሁ? የ1954ቱ ልክ ነው። 37ንም ይዟል።

ሰላም ዘጣፎ፦
ዛፉን የሚያጸኑልህ የግሪክ ቅጂዎች፣ ሲናይቲከስም አብሮ፣ 37ን የሚያሳጡህ ናቸው እኮ። ዛፍ ላይ እመኑአቸው፣ ጃንደረባው ላይ አትመኑአቸው ልትል ነው?

የአባዶ ዘብ፦
ሄሬኔዎስ አለኝ። መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱ፤ ወደ ቦታው ይመለስ ወይስ አይመለስ?

ቁም ጸሐፊው፦
እኔ ብገለብጠው በቦታው ጽፌ ምልክት አደርግበታለሁ።

ሰላም ዘጣፎ፦
የግርጌ ማስታወሻ ማለት እኮ እሱ ነው።

የአባዶ ዘብ፦
ብራና ላይ ሕዳጉ ከዓይንህ አያመልጥም። ስልኩ ላይ ግን ያቺን ትንሽ ኮከብ ካልነኳት ማስታወሻው አይከፈትም፤ ስንቱ ነው የሚነካት?