የሲሙሌተር ሰዓት ለኤቲፒኤል እንዴት ነው የሚደመረው?

ወገኖች፣ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ረዳት አብራሪ ነኝ። ለእረፍት ጅማ ቤተሰብ ጋ መጥቼ የኤቲፒኤል (የአየር መንገድ አብራሪነት ከፍተኛው ፈቃድ) ማመልከቻዬን እያዘጋጀሁ ነው።

የአይካኦ (የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) አባሪ 1፣ ማለትም የፈቃድ ደንቡ፣ የሚጠይቀው 1500 የበረራ ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ የሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ ማስመሰያ) ሰዓት ቢበዛ 100 ነው፤ ያውም ፈቃድ ሰጪው ከተቀበለው። ከ100ው ደግሞ ቀላል በሆነው የመሣሪያ በረራ (ጠቋሚዎችን ብቻ እያዩ የመብረር) መለማመጃ የተሠራው ከ25 መብለጥ የለበትም። እዚህ ድረስ ግልጽ ነው።

የቸገረኝ ሎግ ቡኬ (የበረራ ሰዓት መዝገቤ) ነው። የሲሙሌተር ሰዓቴ በራሱ ዓምድ ተጽፏል፤ ጠቅላላ ድምሩ ውስጥ የለም። አንዱ አስተማሪ «አትቀላቅለው፣ ለብቻው አሳየው» ይለኛል። ሌላው «ደምረው» ይላል። ይባስ ብሎ የተማርኩበት ትምህርት ቤት አንዳንዱ መስመር ላይ የመሣሪያውን ዓይነት አልሞላም። «ሲም፣ 2 ሰዓት» ይልና ፊርማ ብቻ። ሙሉ ሲሙሌተር ይሁን ቀላሉ መለማመጃ ከወረቀቱ አይለይም። በ25ቱ ጣሪያ ሥር መግባት አለመግባቱን የሚወስነው ግን ይኸው ነው!

ሲቪል አቪዬሽን በቅርብ ያመለከታችሁ፣ እንዴት አቀረባችሁት? የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይበቃል ወይስ የመሣሪያው የብቃት ሰርተፍኬት ኮፒም ይፈለጋል? ሰኞ አዲስ አበባ ስለምገባ ከዚያ በፊት ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።